«አይታወቅም» የሚል ውጤት ይዤ የከረምኩበት ጊዜ

ካንሰር ነው ቢሉኝ አለቅስ ነበር። አይደለም ቢሉኝ እልል እል ነበር። ሐኪሙ ግን ሁለቱንም አላለኝም። አንገቴ ላይ ከወጣችው ትንሽ እብጠት በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ነበር። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ምንነቱ በውል አልታወቀም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንድገመው» አለኝ። በዚያው ሰሞን የባለቤቴ የሥራ ውል አልቆ አይታደስም ተብሏል። ገቢያችን ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ጤናዬም አይታወቅም። ልጆቹ «ምን ሆናችኋል?» ሲሉን የምንመልሰውም አይታወቅም።

አማኝ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ፈጣሪ ያውቃል» እያልኩ ነው ያደግኩት። ነገሩ የእውነት ሲያስፈልገኝ ግን እንዴት እንደሚያዝ አላውቅበትም ነበር። ይህን የምጽፈው እንደኔ ተንጠልጥላችሁ ላላችሁ ሰዎች ነው። ስብከት አይደለም። የጎዳኝንና የያዘኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ነገር ምልክት ፍለጋ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ቤተስዳ 3» የሚል ጽሑፍ አየሁና ልቤ ዘለለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው የተፈወሰባት መጠመቂያ አይደለችም እንዴ! ወዲያው ለእህቴ ደወልኩላት። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን። በማግስቱ ረጋ ብዬ ሳነብ ግን ቤተስዳ ማለት የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ናሙና ውጤት የሚመደብበት ሥርዓት ሆኖ ተገኘ። ስሙን ያገኘው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ቤተስዳ ከተማ ነው፤ ባለሙያዎቹ በ2007 እ.ኤ.አ. የመከሩት እዚያ ነበር። ስድስት ምድቦች አሉት። ሦስተኛው፣ ማለትም የኔው፣ «ሴሎቹ ትንሽ ለየት ብለዋል፤ ምን እንደሆኑ ግን መናገር አይቻልም» ማለት ነው። ምልክት ብዬ የጨበጥኩት ራሱ «አላውቅም» የሚል ነገር ነበር። ዛሬ ስናነሳው ከእህቴ ጋር እንስቃለን። ያኔ ግን ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ።

ይህም አላስተማረኝም። መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብኩ መሆኔ ቀርቶ እየገለጥኩ ዕጣ ማውጣት ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እገልጣለሁ፣ ጣቴ ያረፈበትን አነባለሁ። ደህና ቃል ሲወጣ ለግማሽ ቀን ደስ ይለኛል። የእርግማን ምዕራፍ ሲወጣ ዘግቼ «አይቆጠርም» ብዬ እንደገና እገልጣለሁ። ምልክት ፍለጋ እንደ ጨው ውሃ ነው፤ በጠጡት ቁጥር ይበልጥ ያስጠማል። ዛሬ ያገኘሁት ማረጋገጫ ለነገ አይደርስም ነበር፣ ነገ ሌላ ያስፈልገኛል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ።

ከዚህ የባሰው በድምፅ መልእክት መጣ። ወዳጄ የምላት ሴት «ጸጋ ያለው ሰው ነው» ብላ ከአንድ ሰው አስቀርጻ ላከችልኝ። ድምፁ የሚያረጋጋ ነው። ድነሻል አለኝ። መርፌ ዳግም አይነካሽም አለኝ። ከዚያ ዝግ ብሎ «ምርመራ መድገም አለማመን ነው» አለ። ደጋግሜ ሰማሁት። የቀጠሮዬ ቀን ሲደርስ አልሄድኩም።

ባለቤቴ ምንም አላለኝም። «ያንቺ ውሳኔ ነው» አለና ዝም አለ፤ ዝምታው ግን ከባድ ነበር። እኔ በበኩሌ ታላቅ እምነት የያዝኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እምነት አልነበረም። ሁለተኛውን ውጤት ለመስማት አቅም አልነበረኝም፤ ያ ሰውዬ ደግሞ ፍርሃቴን የጽድቅ ልብስ አለበሰልኝ። በፍርሃት መቅረትና በእምነት መቅረት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የምታውቁት ብቻችሁን ስትሆኑ ነው፤ ያመነ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እኔን አልወሰደኝም።

ያወጣችኝ የባለቤቴ አክስት ናት። ከልጆቿ አንዷ ለዓመታት መድኃኒት ላይ ያለች ሴት ናት። ደውላ «ቀጠሮሽ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«አልሄድኩም እትዬ፤ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። «የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «እኔ ልጄን ጠዋት መድኃኒቷን አውጥቼ እሰጣታለሁ፣ ከዚያ እጸልይላታለሁ። አንዱን በአንዱ ተክቼ አላውቅም። አንቺ ፈርተሽ ነው። መፍራት ነውር አይደለም፤ ግን ፈራሁ በይ። ደግሞ ያንን በየሳምንቱ የምትልኪልንን የኤርምያስ ቃል እስኪ ከላይ ጀምረሽ አንብቢው።»

ለሁሉም ሰው ስልክለት የነበረው ኤርምያስ 29፥11 ነው፤ ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ የሚለው። ከላይ ስጀምር ደነገጥኩ። ቃሉ የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ደግሞ ሰባ ዓመት ይላል። ሰባ! ደብዳቤው ሲነበብ እዚያ ከተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው እንደማያዩት ግልጽ ነው። እንደገና ወደ ምዕራፍ 28 ሳልፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። እሱ የሚለው ሁሉ በሁለት ዓመት ያልቃል ነው። ሕዝቡ የትኛውን መስማት እንደሚፈልግ መገመት አያቅትም። ሐናንያ ግን ሐሰተኛ ነበር። እኔም ሐናንያዬን በስልኬ ውስጥ በድምፅ ይዤ እየዞርኩ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። መልእክቱን አጠፋሁት።

ከዚያ ደብዳቤ ውስጥ ይበልጥ የያዘኝ ከቁጥር 5 ጀምሮ ያለው ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ፍሬዋን ብሉ፣ ተጋቡ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ተስፋ ተሰጥቷቸዋል፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ የሚሠራ ሥራ ተሰጥቷቸዋል። «ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ» አልተባሉም። እኔ ግን ለወራት ኑሮዬን አቁሜ ነበር። የልጄን ጥርስ ላሳይላት ይዤው የነበረውን ቀጠሮ እንኳ «ይሄ ነገር ይለይና» ብዬ ትቼዋለሁ። በማግስቱ ሁለት ቦታ ደወልኩ፤ አንዱ ለእሷ ጥርስ፣ አንዱ ለኔ አንገት።

ታዲያ ወዲያው የተረጋጋሁ እንዳይመስላችሁ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ነው የዘለልኩት። አሁን ደግሞ ሁሉንም ነገር በራሴ ለመጨበጥ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ታይሮይድ ሳነብ አድር ጀመር። አብዛኞቹ የታይሮይድ እብጠቶች ጉዳት የሌላቸው መሆናቸውን አነባለሁ፣ ከዚያ ያልዳነ ሰው ታሪክ እፈልግና ያንን አነባለሁ። ኬኔዝ ፓርጋመንት የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. አማኞች ችግር ሲገጥማቸው የሚይዟቸውን ሦስት መንገዶች ለይቶ ነበር። አንዱ ሁሉንም ለፈጣሪ ጥሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው፣ ሁለተኛው ሁሉንም በራስ መወጣት፣ ሦስተኛው ከፈጣሪ ጋር አብሮ መሥራት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ጨርሻቸዋለሁ። ሦስተኛውን ለመማር ግን ሁለተኛው ውጤት መምጣት ነበረበት።

እሱም መጣ። «አይታወቅም።» እንደገና።

ባለቤቴ ሳቀ። የምሬት ሳቅ ነው፣ ግን ሳቀ። ሐኪሙ በዚህ ሁኔታ ከአማራጮቹ አንዱ የታይሮይዱን ግማሽ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ማየት እንደሆነ ነገረን። ወጥተን መኪና ውስጥ ቁጭ አልን። የሚጠቀስ ጥቅስ አልነበረኝም፣ ምልክትም አልነበረኝም። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምነው?» የሚል ነበር። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ለባለቤቴ አልነበረም።

እስከዚያ ቀን ፈጣሪን መውቀስ የእምነት ማነስ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይሄ ከጥንትም ያለ ጸሎት ነው። ከመዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙሮች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የለቅሶና የአቤቱታ ናቸው። መዝሙር 13ን አንብቡት (በግዕዙ ቁጥር 12 ነው)፤ እስከ መቼ፣ እስከ መቼ እያለ ነው የሚጀምረው። መጨረሻው ላይ መታመን አለ። መዝሙር 88 ግን (በግዕዙ 87) መጨረሻውም ጨለማ ነው፤ ማጽናኛ ሳይለጠፍበት ነው የሚዘጋው። ያ መዝሙር ከመጽሐፉ ሳይወጣ መቆየቱ ብቻ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም ጓደኛ አለችኝ። ነገሩን ስነግራት የያዕቆብን ነገር አነሳችልኝ። በሱረቱ ዩሱፍ ያዕቆብ ልጁ ጠፋ ሲሉት መልካም ትዕግሥት እታገሣለሁ ይላል፤ እዚያው ሱራ ውስጥ ደግሞ ከሐዘኑ የተነሳ ዓይኖቹ ነጡ፣ ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው አለ። «ትዕግሥት ማለት አለማልቀስ ቢሆን ያዕቆብ አይታወርም ነበር» አለችኝ። ደግሞ ያንን የታወቀውን ሐዲስ ነገረችኝ፣ ግመሌን ልሰራት ወይስ ትቼ በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ እሰራትና ተመካ ያሉትን፣ የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ የዘገበውን። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምትልክልኝ መልእክት አንድ ብቻ ነው፦ «ግመሏ ታስራለች?» እኔም የቀኑን ሥራ እጽፍላታለሁ። የደም ምርመራ ሰጥቻለሁ። የኢንሹራንሱን ወረቀት አስገብቻለሁ። ዛሬ ምንም የሚታሰር የለም፣ ተኝቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የጸሎቴ መልክ ተለወጠ። ረጅም አልነበረም። መጀመሪያ እንደመጣልኝ እናገራለሁ፤ ንዴትም ካለ ንዴት፣ ፍርሃትም ካለ ፍርሃት፣ ቃል ሳላሳምር። ከዚያ አንድ ነገር እለምናለሁ፣ አንድ ብቻ። መጨረሻ ላይ ነገ የማደርገውን አንድ ሥራ ጮክ ብዬ እናገርና አሜን እላለሁ። «ውጤቱ ጥሩ ይሁን» ማለቴን አልተውኩም፤ ለምን እተዋለሁ? ግን ውጤቱን የመታመኔ መለኪያ አላደረግኩትም። ቃል ጨርሶ ያልመጣልኝ ቀን አክስታችን ዘንድ እደውልና «ዛሬ አንቺ ጸልዪ» እላታለሁ። «እሺ፣ አንቺ ተኚ» ትለኛለች። ይህንን አድርጉ፤ በሌላ ሰው እምነት ላይ ተደግፎ አንድ ሌሊት ማሳለፍ ነውር የለበትም።

ስለ ሌሊት ካነሳሁ አይቀር፣ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አሳድሩት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ እውነት ይመስላል። ጠዋት ሲታይ ግማሹ ተረት ነው። ኤልያስ ምድረ በዳ ውስጥ ሞቱን ሲለምን (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ አልገሠጸውም፣ ትምህርትም አልሰጠውም። ተኛ፣ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ መልሶ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እንቅልፍ አጥቼና ምግብ አስጠልቶኝ በጾምና በስግደት ላይ ስጨምር ነበር። ሰውነቴ እምቢ ሲል «መንፈሳዊ ድካም» አልኩት። ለሳምንታት መተኛትና መብላት ካቃታችሁ፣ በተለይ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። እሱም ግመል ማሰር ነው።

ሌላ የጠቀመን ነገር፣ ትልልቅ ውሳኔዎችን ማቆየት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የካቶሊክ ቄስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነፍስ በጨለመችበት ሰሞን ቀድሞ በሰላም ጊዜ የተወሰነውን አትቀይር ብሎ ይመክራል። ባለቤቴ ቤቱን ሸጠን ወደ ሌላ ከተማ እንሂድ ይል ነበር፣ እኔ ሥራዬን ልልቀቅ እል ነበር። ሁለቱም ሐሳቦች የመጡት ክፉኛ በፈራንባቸው ቀናት ነው። እናቆየው ተባባልን። ለማንኛውም ውሳኔ ግን ይህ አይሠራም፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜያዊ ሥራ ሲያገኝ መልስ ቶሎ ተፈልጎ ነበር። ያኔ ከኛ ይልቅ የተረጋጉ ሁለት ሰዎች አማከርንና ወሰንን። ሰማይ እስኪከፈት አልጠበቅንም።

ሰዎች ብዙ ነገር ይሏችኋል። «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለውን እኔ ለራሴ ስለው ያበረታኛል፤ ሌላ ሰው ሲለኝ ግን አፌን የዘጋብኝ ያህል ነው። የሚሉት በክፋት አይደለም፣ ዝምታው ስለሚከብዳቸው ነው። «አሜን፤ አሁን ግን ትንሽ አብረኸኝ ቁጭ በል» ማለት ይቻላል። ሠርቶልኛል። «ይህ የመጣብሽ በኃጢአትሽ ነው» የሚለውን ግን አታስጨርሱት። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች እንዲህ ብለው ነው መጨረሻ ላይ የተገሠጹት። የሚገርመው የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር።

«ከላይ ተልኬ ነው» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ደግሞ አራት ነገር ተመልከቱ። ሕክምና አቁሙ ይላል? ለማንም አትናገሩ ይላል? ገንዘብ ይጠይቃል? ዛሬውኑ ካልሆነ ይላል? አንዱ እንኳ ካለ በአክብሮት ተሰናበቱት። የኔው ሰውዬ ገንዘብ አልጠየቀም፤ ለዚህም ነው ያመንኩት።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ማታ «እድናለሁ» ለማለት ሞከርኩ፣ አልወጣም አለኝ። እንደምድን አላውቅማ። የወጣልኝ ሠለስቱ ደቂቅ እቶኑ አፍ ላይ ሆነው ያሉት ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ባያድነን እንኳ አሉ (ዳንኤል 3፥17-18)። ያችን «ባያድነን እንኳ» ከልቤ ማለት ቻልኩ። ለወራት ስፈልገው የነበረው ዕረፍት የዚያን ማታ መጣ፣ ነገ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ። ተኛሁ፣ እስኪቀሰቅሱኝ አልነቃሁም።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ። ትንሽ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ለጊዜው ከክትትል በቀር ሌላ ሕክምና አላስፈለገኝም። ያንን መልእክት አምኜ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፣ ከዚያ እተወዋለሁ። ባለቤቴ ከድሮው ያነሰ ደሞዝ ያለው ሥራ ላይ ነው። ለምን በኛ ላይ ሆነ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለውም፤ መልስ ያለው ሰው ሲያጋጥመኝም እሸሻለሁ። አልትራሳውንድ የምነሳበት ቀን ሲቃረብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል። የቢሮ ጓደኛዬ ያን ሰሞን መልእክቷን ጠዋትም ማታም ትልካለች።

ከመካከላችሁ እንደኔ ያለ ወረቀት ይዞ የቀረ ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ ምድቡ ስንት እንደሆነ፣ በዚያ ምድብ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምርመራው መቼ እንደሚደገም፣ ሁለተኛውም ካልለየ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ብቻችሁን አትግቡ። ጥያቄዎቹንም ጽፋችሁ ያዙ፤ እኔ በቃሌ ይዤ ገብቼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም።